ሙሉውን ሥራ ስጡት

እንደምን ዋላችሁ። እሁድ ከሰዓት ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ቢያወሩም ቢሯሯጡም አትሸማቀቁ። ስለ ልጆች እያወራን ልጆችን ዝም ማሰኘት ደስ አይለኝም።

ከአንድ ሌሊት ልጀምር። የመጀመሪያ ልጄ ያኔ 2 ዓመት ከመንፈቋ ነበር። ባለቤቴ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዳለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። ግንባሯን ስነካው እሳት ነው። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሕክምና ይዣት ሮጥኩ። ነርሷ የሙቀት መለኪያውን ብብቷ ሥር እያስገባች መጠየቅ ጀመረች።

"ክብደቷ ስንት ነው?"

አላውቅም።

"የማይስማማት መድኃኒት አለ?"

አንድ ጊዜ ሰውነቷ ላይ ሽፍታ እንደወጣ ትዝ ይለኛል። በምን እንደወጣ ግን አላውቅም።

"ክትባቷን ጨርሳለች?"

"ይመስለኛል" አልኩ።

"ለመጨረሻ ጊዜ የሸናችው መቼ ነው?"

ዝም አልኩ።

ነርሷ አልተቆጣችም። ፊቷም አልተለወጠም። ረጋ ብላ "እናቷን በስልክ ማግኘት ይቻላል?" አለችኝ።

ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣችም። ልጄ ደረቴ ላይ ተለጥፋለች። ልጄን የሚያውቃት ሰው ግን ሌላ ከተማ ተኝቷል። ደወልኩ። ባለቤቴ ገና እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ ክብደቷን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ክትባቱ የተሰጠበትን ወር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ለማስታወስ እንኳ ፋታ አልወሰደችም።

ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ድና መሯሯጥ ጀመረች። እኔ ግን እስክድን ብዙ ሰነበትኩ። እወዳት ነበር እኮ! ከሥራ ስገባ እየሮጠች ነው የምትቀበለኝ። ወደ ላይ አንስቼ አጫውታታለሁ። ስልኬ በፎቶዋ ተሞልቷል። ያመጣሁትን ሁሉ የማመጣው ለእሷ ነው። ፍቅር አላነሰኝም። ታዲያ ምን አነሰኝ? ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ነው።

ይህን ሥራ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። 9 ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሳምንት አንድ ማታ 10 ወይም 12 አባቶች ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። ሾፌር አለ፣ መምህር አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ሥራ የፈታም አለ። በመጀመሪያው ማታ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። "ቤት ስትሆኑ ከልጆቻችሁ ጋር ምን ትሠራላችሁ?" መልሱ ባለፉት ዓመታት አልተለወጠም። "አግዛታለሁ" ይላሉ።

እስቲ ይህችን ቃል አስተውሏት። ማገዝ ደግ ቃል ናት። የሚያግዝ ሰውም መልካም ሰው ነው። ግን የሚያግዝ ሰው ያለው የሌላ ሰው ሥራ ላይ ነው። ጎረቤቴ ቤት ሲቀይር ዕቃ በመጫን አግዘዋለሁ። ሲደክመኝ ላቤን ጠርጌ ወደ ቤቴ እገባለሁ። የተረሳ ዕቃ ካለ ጣጣው የእሱ ነው። ለጎረቤት ይህ ይበቃል። የገዛ ልጄን በማሳደግ ግን ማንን ነው የማግዘው?

ቀጥዬ ሁለተኛ ጥያቄ አመጣለሁ። "የልጃችሁን ጥፍር ባለፈው የቆረጠው ማነው?" ክቡ ጸጥ ይላል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ 5 ደቂቃም አትፈጅ። ግን ጥፍር ማንንም ሳያስፈቅድ ያድጋል። ሕፃን ደግሞ የገዛ ፊቱን ይቧጭርበታል። እና አንድ ሰው "አድጓል" ብሎ ማስተዋል አለበት። ሲነቃ ጣቱን ጨብጦ ስለሚታገል እንቅልፍ እስኪወስደው ይጠብቃል። መብራቱን ጠጋ አድርጎ፣ የጣቱን ጫፍ ሥጋ በአውራ ጣቱ ወደ ታች ገፋ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ ይቆርጣል። ይህን ያደረገ ሰው የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።

በ1980ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ማይክል ላም የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከጆሴፍ ፕሌክና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአባትን ተሳትፎ በ3 ከፈለው። አንደኛው ከልጁ ጋር በቀጥታ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው። መጫወት፣ ማጠብ፣ ማብላት። ሁለተኛው ቅርብ መሆን ነው። አባት ሌላ ሥራ እየሠራ ቢሆንም ልጁ ሲፈልገው ያገኘዋል። ሦስተኛው ኃላፊነት ነው። ክትባቱ መቼ እንደሆነ ማስታወስ፣ ጫማው እንደጠበበው ማየት፣ ነገ የሚለብሰው መታጠቡን ማሰብ፣ ከማን ጋር እንደሚውል መወሰን። አባቶች አንደኛው ላይ ብዙ ተራምደናል። ሦስተኛው ግን ያው እናት ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። እኔም ያን ሌሊት ያነሰኝ ይኸው ሦስተኛው ነበር።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2018 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ያለ ክፍያ ከሚሠራው የእንክብካቤ ሥራ 76.2 በመቶው በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። ዩኒሴፍ ደግሞ በ2017 የ74 አገሮችን መረጃ አይቶ ነበር። ከ3 እስከ 4 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አባቶቻቸው አብረዋቸው አይጫወቱም፣ አያነቡላቸውም። 40 ሚሊዮን ያህል ልጆች ማለት ነው። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ለዚህ ጥፋቱ የአባቶች ብቻ አይደለም። ሳይንሱም ለረጅም ጊዜ አባትን ከበር መልሶታል። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት በጻፈው ሪፖርት የሕፃን ልጅ ዋነኛ መሠረት እናት ናት አለ። አባትን በዋናነት ያየው እናቲቱን በገንዘብና በስሜት ደጋፊ አድርጎ ነው። 13 ዓመት ቆይቶ፣ በ1964፣ ሩዶልፍ ሻፈርና ፔጊ ኤመርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ስኮትላንድ፣ ግላስጎ ከተማ ውስጥ 60 ሕፃናትን ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። ልጆቹ 18 ወር ሲሞላቸው ከ4ቱ 3ቱ ከአባታቸው ጋርም ተጣብቀዋል። ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው። ሕፃኑ አጥብቆ የሚይዘው የግድ ብዙ ሰዓት አብሮት የዋለውን ሰው አልነበረም። ሲያለቅስ ቶሎ የሚደርስለትን፣ ሲያጉረመርም መልስ የሚሰጠውን ሰው ነው። ከሥራ አምሽቶ ለሚገባ አባት ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

"ግን እናት በተፈጥሮዋ ታውቃለች፣ እኔ አልተሠራሁበትም" የሚለኝ አባት ሁልጊዜ አለ። ይህን ከልቡ ነው የሚለው። ስለዚህ እኔም ከልቤ እመልስለታለሁ። እርግዝና እና ማጥባት የእናት ናቸው፤ ክርክር የለውም። የቀረውን እናትም የምትማረው ከልጁ ጋር ውላ አድራ ነው። የመጀመሪያ ልጇን የታቀፈች ሴት እጇ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ያየ ሰው ያውቃል። እኛ ጎበዝ ሆና የምናያት 100 ጊዜ ከሞከረች በኋላ ስለሆነ ነው።

የአባት ሰውነትም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሊ ጌትለር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ፊሊፒንስ፣ ሴቡ ውስጥ 624 ወጣት ወንዶችን ለ4 ዓመት ተኩል ያህል ተከታትለዋል። ውጤቱ የወጣው በ2011 ነው። በመካከሉ አግብተው አባት የሆኑት ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድነት ሆርሞናቸው በጣም ወረደ። በቀን 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጅ የሚንከባከቡት ደግሞ ከማይንከባከቡት ዝቅ ያለ ነበራቸው። ይህን ስናገር ፊቱ የሚለወጥ ሰው አይጠፋም። ወንድሜ፣ አትስጋ። ወንድነትህ አልተነካም። ሰውነትህ ለዚህ ሥራ እየተሰናዳልህ ነው። ሩት ፌልድማንና ባልደረቦቿም በ2010 ባሳተሙት ጥናት 80 ጥንዶችን፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ እናቶችንና አባቶችን መርምረዋል። ወላጅን ከልጁ ጋር ከማቀራረብ ጋር የሚያያዘው ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን በአባቶቹ ደም ውስጥ የተገኘው ከእናቶቹ ባልተለየ መጠን ነው። እናንተ አላረገዛችሁም፣ አላጠባችሁም እንጂ፣ አካላችሁ ለልጃችሁ መልስ እየሰጠ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይወጣል። አባት ተንከባካቢ የሚሆነው በመንከባከብ ነው። በምክር አይሆንም። በእኔ ንግግርም አይሆንም፤ ይህን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። በእጁ ሥራ መግባት አለበት። ያውም ሙሉ ሥራ።

ሙሉ ሥራ ስል ምን ማለቴ ነው? በክባችን ውስጥ የነበረ አንድ አባት አለ። የ8 ወር ወንድ ልጅ ነበረው። "ልጁ በእኔ እጅ አይተኛም" እያለ ይመጣ ነበር። ሞክሯል። አቅፎ ይወዛወዛል፣ ልጁ ይጮኻል፣ በ3ኛው ደቂቃ እናትየው ከኩሽና ትመጣና ትቀበለዋለች። ልጁ ወዲያው ዝም ይላል። ይህ ለወራት ቀጠለ። ከዚህ ሦስቱም የየራሳቸውን ትምህርት ወሰዱ። አባትየው "አልችልም" ብሎ ተማረ። እናትየው "ያለእኔ አይሆንም" ብላ ተማረች። ልጁም "ከጮኽኩ እናቴ ትመጣለች" ብሎ ተማረ።

እኛ የሰጠነው ሥራ ቀላል ነበር። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ ያንተ ናቸው። ገላውን ታጥባለህ፣ ታበላለህ፣ ታስተኛለህ። ፎጣውን የምታዘጋጀው አንተ ነህ። ዳይፐሩ ማለቁን የምታውቀውም አንተ ነህ፣ የምትገዛውም አንተ ነህ። እሷ ደግሞ እነዚያን ማታዎች እህቷ ቤት ትሄዳለች። ስልኳን ይዛ ትሄዳለች፤ ግን ነገሩ ካልባሰ አይደወልላትም።

በመጀመሪያው ሰኞ ልጁ 50 ደቂቃ አለቀሰ። አባትየው ላብ በላብ ሆነ። ዘፈነ፣ አወራ፣ ቆሞ ተንጎራደደ። ረቡዕ 35 ደቂቃ ሆነ። ዓርብ ዕለት አንድ ነገር አገኘ። እናትየው ልጁን የምታስተኛው ጭንቅላቱን ክንዷ ላይ አድርጋ ነው። እሱም እሷን እየቀዳ እንደዚያው ሲሞክር ነበር የከረመው። ያን ማታ ደክሞት ወንበር ላይ ወደ ኋላ ጋደም ሲል፣ ልጁን ደረቱ ላይ በሆዱ አስተኛው። የልጁ ጆሮ ልቡ ላይ አረፈ። ልጁ ሁለት ጊዜ ሳግ አለበት፣ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ከዚያ ተኛ። አባትየው ነቅቶ እየጠበቀው፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ክንዱ እስኪደነዝዝ እንደተቀመጠ ሚስቱ መጣች። በሩን ስትከፍት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ "እሽሽ" አላት። ይህን ሲነግረን ድምፁ ይሰበር ነበር። "እኔ ነኝ እሽሽ ያልኳት" አለን።

ይህ ሰው እናትየዋን ቀድቶ ቢቀር ኖሮ አይሳካለትም ነበር። የራሱን መንገድ ያገኘው ማንም ሳይመጣለት ብቻውን ስለቀረ ነው።

አሁን እናቶችን ላናግር። እህቶቼ፣ የምለው እንዳይከብዳችሁ እፈራለሁ፤ ግን ሳልለው ብሄድ ልክ አይሆንም። ተመራማሪዎቹ ሳራ አለንና አለን ሆኪንስ በ1999 የእናት በር ጠባቂነት የሚሉትን ነገር አጥንተዋል። እናት ሳታስበው በአባትና በልጅ መካከል በር ላይ የምትቆምበት ሁኔታ ነው። አባት ዳይፐሩን ሲያስር ከጀርባው ሆና ታያለች። "እንደዚያ አይደለም" ትላለች። እጇ ይገባል፣ ፈትታ እንደገና ታስራለች። ሰውየው ምንም አይልም። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ዳይፐር ሲያስፈልግ እሷን ይጠራል።

በእሷ አልፈርድም። ልጁ ኮፍያ ሳያደርግ ወጥቶ ሰው ቢያየው "አባትየው ምነው?" የሚል የለም። "እናቱ የት ነበረች?" ነው የሚባለው። ወቀሳው የእሷ እስከሆነ ድረስ በሩን ብትጠብቅ አይገርምም። ስለዚህ አባቶች፣ ሥራውን ስትወስዱ ወቀሳውንም አብራችሁ ውሰዱ። መምህርቷ ስትጠራ እናንተ ሂዱ። አማታችሁ ሲናገሩ "እኔ ነኝ ያለበስኩት" በሉ። እናንተም እናቶች፣ ቲሸርቱ ወደ ኋላ ዞሮ ቢለበስ ልጁ አይሞትም። ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ካለ ተናገሩ። ከዚያ ውጭ ከክፍሉ ውጡ።

ጥንዶችን አብሮ ማሠልጠን ትልቅ ለውጥ እንደሚያመጣ ከራሴም ልምድ፣ ከጥናትም አይቻለሁ። ካሮሊንና ፊሊፕ ካውን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ 289 ጥንዶችን በ3 ከፈሉ። አንዳንዶቹ አንድ ትምህርት ብቻ ሰሙ። አንዳንዶቹ አባቶች ብቻ የሚገኙበት የ16 ሳምንት ቡድን ገቡ። የቀሩት ባልና ሚስት አንድ ላይ 16 ሳምንት ተማሩ። በ2009 በወጣው ውጤት በሁለቱም የ16 ሳምንት ቡድኖች አባቶቹ ወደ ልጆቻቸው ቀርበዋል። ጥንዶቹ አብረው በተማሩበት ግን የባልና ሚስቱ ግንኙነትም ሳይደበዝዝ ቆይቷል። እኔም ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ሚስቶችን መጋበዝ የጀመርኩት። እስከዚያ ድረስ የወንዶች ጉዳይ ነው ብዬ ዘግቼ ይዤው ነበር። ተሳስቼ ነበር።

ሩዋንዳ የተደረገውን ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። ባንዴቤሬሆ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በአገሩ ቋንቋ አርአያ ማለት ነው። በጥናቱ 1,199 ጥንዶች ተካፈሉ። አባቶቹና አባት ሊሆኑ የተዘጋጁት ወንዶች 15 ጊዜ ተሰበሰቡ፤ በ8ቱ ሚስቶቻቸው አብረው ተገኙ። ስለ እርግዝና ተማሩ፣ ልጅ ማጠብ ተለማመዱ፣ ስለ ቁጣና ስለ ገንዘብ አወሩ። ከ21 ወር በኋላ ሲታዩ በሚስት ላይ የሚደርሰው ጥቃት ቀንሷል። ልጆችን መምታት ቀንሷል። ወንዶቹ በቤት ሥራና በልጅ እንክብካቤ የሚያጠፉት ጊዜ ጨምሯል። ከ6 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩም ለውጡ አልጠፋም። አሠልጣኞቹ ከሌላ ዓለም የመጡ ባለሙያዎች አልነበሩም፤ እዚያው መንደር የሚኖሩ አባቶች ናቸው። ጎረቤቱ ልጅ ሲያጥብ ያየ ሰው ለማጠብ አያፍርም።

እዚህ ላይ ስለ ቁጣ ትንሽ ልቆይ። አብዛኞቻችን በዱላና በጩኸት ነው ያደግነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። አባቱ አቅፎት የማያውቅ ሰው ልጁን ማቀፍ ለምን እንደከበደው እንኳ አያውቀውም። እጁ አይሄድለትም። ይህን በክባችን ውስጥ ስናነሳ የሚፈሰውን ዕንባ ብታዩ! 50 ዓመት የሞላው ሰው የ7 ዓመት ልጅ ሳለ የተገረፈበትን ቀን ቀኑን ከነሰዓቱ ይነግራችኋል። ምን ለብሶ እንደነበር ሳይቀር።

አንድ ማታ እኔም ወንድ ልጄ ላይ ጮህኩበት። ያኔ 5 ዓመቱ ነው። ውኃ ኮምፒዩተሬ ላይ ደፍቶብኝ። ጩኸቴ ለራሴም አስደነገጠኝ፤ የአባቴ ድምፅ ነው ከአፌ የወጣው። ልጁ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ። አላለቀሰም። ቆሞ ቀረ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ከቁጣ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ከቁጣው ይብስብኝ ነበር። ወጣሁ። ቁመቴ ከእሱ ቁመት እስኪስተካከል ተንበረከክኩ። "ስለጮህኩብህ ይቅርታ። ኮምፒዩተሩ አሳዝኖኝ ነው። መጮህ ግን አልነበረብኝም" አልኩት። አንገቴ ላይ አልተጠመጠመም። ጥቂት አየኝና "እኔም እጄ አዳልጦኝ ነው" አለ። ትከሻው ግን ወረደ። እኔ የጠበቅኩት ያንን ብቻ ነበር።

ይቅርታ መጠየቅ ክብሬን ያወርደዋል የምትሉ ካላችሁ፣ ሞክሩትና ተመልሳችሁ ንገሩኝ።

ስለ ሕግም ሳላነሳ አልወርድም። አሠሪ ካልፈቀደ የአባት ፍላጎት ብቻውን የትም አይደርስም። ስዊድን በ1974 የወሊድ ፈቃዱን እናትና አባት እንዲካፈሉት አደረገች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ግን "እንደፈለጋችሁ ተካፈሉት" ሲባል ለብዙ ዓመት የወሰዱት እናቶች ነበሩ። በ1995 አንድ ወር ለአባት ብቻ ተለየ። አባት ካልወሰደው ይቃጠላል፤ ለእናት አይተላለፍም። ኖርዌይ ይህንኑ ከስዊድን ቀድማ በ1993 በ4 ሳምንት ጀምራዋለች። ከዚያ በፊት ፈቃድ የሚወስዱት ከ100 አባቶች 4 ቢሆኑ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 አባቶች 7ቱ መውሰድ ጀመሩ። ሰዎቹ በአንድ ሌሊት ደግ አልሆኑም። "ይህ ያንተ ነው" ተባሉ፤ በቃ።

በሌላ በኩል ጃፓንን እዩ። ሕጉ ለአባት እስከ 1 ዓመት ይፈቅዳል። በ2019 ግን ፈቃዱን የወሰዱት ከ100 አባቶች 8 እንኳ አይሞሉም። ሕጉ አለ፣ የሥራ ባልደረቦች ዓይን ግን አላስወጣቸውም። ስለዚህ አለቃ የሆናችሁ፣ መጀመሪያ እናንተ ውሰዱት። አለቃው "የልጄ የትምህርት ቤት ስብሰባ አለብኝ" ብሎ በግልጽ ተናግሮ የሚወጣበት ቢሮ ውስጥ ሌሎቹም አይደበቁም።

ነርሶችና መምህራን እዚህ ካላችሁ ሁለት ደቂቃ ስጡኝ። አባት ከእናት ጋር ሲመጣ ሁለተኛ ወንበር አቅርቡለት። በስሙ ጥሩት። ጥያቄውን ለእሱም ጠይቁት፤ ባያውቅም ጠይቁት። በሚቀጥለው ጊዜ አውቆ ይመጣል። የልጁ ፋይል ላይ የእሱንም ስልክ መዝግቡ፤ ልጁ ሲያመው አልፎ አልፎ ለእሱ ደውሉ። ቀኑን ሳይጠብቅ ወይም ከክብደት በታች ለተወለደ ሕፃን የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ገላ ለገላ ማቀፍ ወዲያው ከወሊድ በኋላ እንዲጀመር ይመክራል። እናት ቀዶ ጥገና ላይ ከሆነች ወይም ከታመመች የአባት ደረትም ደረት ነው። ሸሚዙን እንዲያወልቅ ንገሩት።

ስለ አባቶች ጭንቀትም አትርሱ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት የእናት ብቻ አይደለም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከ10 አባቶች ወደ 1 የሚጠጋው ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ ሐዘን መስሎ አይመጣም። ንዴት ይመስላል፣ አምሽቶ መግባት ይመስላል፣ ሥራ ላይ መጥፋት ይመስላል። "ተለወጠ" ብላችሁ ከመፍረድ በፊት "እንቅልፍ ትተኛለህ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት። ካልተሻለው ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ከልጁ ጋር የማይኖር አባት ካለ ደግሞ፣ ከስጦታው ይልቅ ሰዓቱ ይበልጣል። ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ላይ እደውላለሁ ካልክ ማክሰኞ 1 ሰዓት ላይ ደውል። ልጁ ስልኩ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ምን እንደምታወሩ አትጨነቅ። "ዛሬ ማን አጠገብ ተቀመጥክ?" ብለህ ጀምር።

እኔ የወሰድኩትን ሥራ ነግሬያችሁ ልጨርስ። ከዚያች የሕክምና ሌሊት በኋላ ለባለቤቴ "አንድ ሥራ ስጪኝ፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ" አልኳት። ብዙ አሰበች። ከዚያ ማበጠሪያውን ሰጠችኝ። የልጄ ፀጉር ከርዳዳና ብዙ ነው። ማበጠር በመጣ ቁጥር ቤቱ በለቅሶ ይናወጥ ነበር። የመጀመሪያ ቀን እኔም አስለቀስኳት። ከሥሩ ጀምሬ ወደ ታች ስስበው ቋጠሮው ሁሉ ጫፉ ላይ ተሰበሰበ። በሳምንቱ ከጫፍ መጀመር እንዳለበት ደረስኩበት። ውኃ ታርከፈክፋላችሁ፣ ቅባት ትቀባላችሁ፣ ፀጉሩን በ4 ትከፍላላችሁ። አንዱን ክፍል በግራ እጃችሁ ከሥሩ አጠገብ ጠበቅ አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ፤ መሳቡ ራስ ቅሏ ድረስ እንዳይደርስ። ከዚያ የመጨረሻዋን ጫፍ ትፈታላችሁ። ቀጥሎ ትንሽ ከፍ። ቀጥሎ ትንሽ ከፍ። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

አሁን 12 ዓመቷ ነው። ራሷ መሥራት ትችላለች። ግን እሁድ ማታ ትራሷን ይዛ መጥታ እግሬ ሥር ትቀመጣለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለሆነ የምትቀመጠው ዓይን ለዓይን አንተያይም። ለዚህ ይመስለኛል ሁሉንም ነገር የምትነግረኝ። የተጣላቻትን ጓደኛዋን፣ ያፈረችበትን ነገር፣ ስታድግ ምን መሆን እንደማትፈልግ። እኔ "እ" እያልኩ አበጥራለሁ። ክብደቷን አውቃለሁ። ሽፍታ ያወጣባትን መድኃኒት ስም አውቃለሁ። ባለፈው ወር ምን እንዳስፈራትም አውቃለሁ።

ለጥያቄ 15 ደቂቃ አለን። ከዚያ በላይ እንዳታቆዩኝ እለምናችኋለሁ፤ ዛሬ እሁድ ነው።